የእናቴ አውራ ጣትና «ዕንቅፋት ነው የመታኝ»

የጣና_ልጅ
ሚያዝያ 14፣ ከምሽቱ 2፡40

ጤና ይስጥልኝ። እዚህ ብዙ ጊዜ አነብባለሁ እንጂ ጽፌ አላውቅም። የዛሬው ጉዳይ የእናቴ ስለሆነ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ለፋሲካ አገር ቤት ነበርኩ። እኛ ዘንድ ማታ ማታ የእናትና የአባትን እግር ማጠብ የልጅ ሥራ ነው፤ 34 ዓመት ሞልቶኝም ከዚህ ሥራ አልተሻርኩም። ለብ ያለ ውኃ በሳፋ አቅርቤ እግሯን ሳሽ የቀኝ አውራ ጣቷ ላይ ዓይኔ ቀረ። ከጥፍሩ ሥር ተነሥቶ እስከ ጫፉ የሚወርድ ጥቁር መስመር አለ። ከክብሪት እንጨት ይወፍራል። ጥቁረቱም አንድ ዓይነት አይደለም፤ መሐሉ ቡናማ፣ ጠርዙ ከሰል። ከሁሉ ያስደነገጠኝ ግን ጥቁረቱ ከጥፍሩ አልፎ ጥፍሩ የበቀለበት ሥጋ ላይ፣ ወረቀት ላይ እንደፈሰሰ ቀለም መሰራጨቱ ነው።

«ይህ ምንድን ነው?» አልኳት።
«ዕንቅፋት ነው የመታኝ፤ የመከር ጊዜ።»
«የትኛው መከር?»
አሰብ አደረገችና «ካቻምና» አለችኝ።

ጤና ጣቢያ ሄዳ ሁለት ጊዜ የፈንገስ ቅባት ሰጥተዋታል። አንድ መድኃኒት አዋቂም ቅጠል ጨቅጭቆ አስሮላት ነበር። ጥር ላይ ደግሞ ለእህቷ ልጅ ሠርግ እንሶስላ ሞቃ ስለነበር ቀለሙ ሁሉንም ሸፍኖት ከርሟል፤ እኔም በጥምቀት መጥቼ ሳላየው ተመልሻለሁ። አያማትም፣ አያሳክካትም። ስለዚህ «ተወው» ትለኛለች።

ቦብ ማርሊ በእግር ጣቱ ካንሰር ነው የሞተው ሲባል ሰምቼ ስለነበር እንቅልፍ አጣሁ። የሚያውቅ ሰው አለ? ወደ ምን ዓይነት ሐኪም ነው የምወስዳት?


ሐቅ_ፈላጊ
ሚያዝያ 14፣ ከምሽቱ 3፡05

ወንድሜ፣ እናትህን ምሕረቱን ያውርድላቸው፤ ነገር ግን ራስህን አታስጨንቅ። የቆዳ ካንሰር የነጮች በሽታ ነው። እነሱ ፀሐይ ላይ ተኝተው እየተጠበሱ የሚያመጡት ነው። ለእኛ እግዚአብሔር ጥቁር ቆዳ የሰጠን በምክንያት ነው። ዕንቅፋት የመታው ጥፍር ይጠቁራል፤ የእኔም ስንት ጊዜ ጠቁሮ ወልቋል። ይህ ሁሉ ወሬ መጨረሻው ቅባት ለመሸጥ ነው።


የቆዳ_ክፍል_ነርስ
ሚያዝያ 14፣ ከምሽቱ 3፡50

የጣና ልጅ፣ እናትህን በዚህ ሳምንት የቆዳ ሐኪም ዘንድ አድርሳት። ከዚህ በታች የምጽፈውን ባታነበውም ይህን አድርግ። ሳያዩ በሽታ መናገር ስለማይገባኝ «ካንሰር ነው» አልልህም፤ ከሥጋው ላይ የተሰራጨው ጥቁረት ግን ቀጠሮ የሚሰጠው ምልክት አይደለም።

ሐቅ ፈላጊ ከተናገርከው ግማሹ እውነት ነው፤ ችግሩም እሱ ነው። ጥቁር ቆዳ ከፀሐይ ጨረር በእርግጥ ይከላከላል፤ በፀሐይ የሚመጡት የቆዳ ካንሰሮችም እኛ ላይ በጣም ያነሱ ናቸው። ሜላኖማ የሚባለው፣ ቀለም ከሚሰጡት ሕዋሳት የሚነሣው ክፉው ዓይነት ግን እኛን ሲይዝ በአብዛኛው የሚወጣው ፀሐይ በማያያቸው ቦታዎች ነው፦ የውስጥ እግር፣ መዳፍ፣ የጥፍር ሥር፣ አንዳንዴም አፍ ውስጥ። በዋነኛነት ፀሐይ አያመጣውም፤ ስለዚህ የፀሐይ ቅባትም አያስቀረውም። ማንም ቅባት ሊሸጥላቸው አልመጣም። ለዚህኛው ያለን መከላከያ ዓይን ብቻ ነው።

«የእኛ በሽታ አይደለም» የሚለው አነጋገር ስንት ሰው እንደሚያስረፍድ ልንገርህ። በአሜሪካ ሜላኖማ ከተገኘባቸው ነጮች ውስጥ ከአምስት ዓመት በኋላ በሕይወት ያሉት ከ100 ከ90 በላይ ናቸው። ጥቁሮች ግን 70 አካባቢ ብቻ። በአንድ አገር። አንዱ ትልቅ ምክንያት ሲገኝ የሚገኘው ርቆ ከሄደ በኋላ መሆኑ ነው።

አሁን ስለ ጥፍር። ዕንቅፋት ያጠቆረው ጥፍር ደም ነው። ደሙ ከጥፍሩ ጋር አብሮ ወደ ፊት ይሄዳል፤ ከሥሩ ንጹሕ ጥፍር እየተከተለው ይበቅላል። የእግር አውራ ጣት ጥፍር ሙሉ በሙሉ ለመተካት ከ12 እስከ 18 ወር ይፈጅበታል። ካቻምና የመታ ዕንቅፋት ዛሬ በቦታው ሊኖር አይችልም፤ ወይ ወጥቷል፣ ወይ መጀመሪያውኑ ዕንቅፋት አልነበረም።

በሌላ በኩል፣ ይህን የምታነቡ ሁላችሁ ጥፍራችሁን አይታችሁ እንዳትደነግጡ። ጥቁር ሰው ዕድሜው ሲገፋ በብዙ ጥፍሮቹ ላይ ቀጫጭን ቡናማ መስመር ማውጣቱ የተለመደ ነው፤ ጤነኛ ነው። የምንፈራው አንድ ጣት ላይ ብቻ፣ በተለይ አውራ ጣት ላይ፣ በጉልምስና ወይም በእርጅና አዲስ የወጣውን ነው። ከ3 ሚሊ ሜትር የሰፋ፣ ቀለሙ የተዘበራረቀ፣ ጥፍሩን የሰነጠቀ፣ ወይም እንደ እናትህ ወደ ሥጋው የፈሰሰ ከሆነ ደግሞ ይበልጥ።

ሌሎቹን ጥፍሮቿን አየሃቸው?


የጣና_ልጅ
ሚያዝያ 14፣ ከምሽቱ 4፡10

ሌሎቹ ዘጠኙ ንጹሕ ናቸው። የእጆቿም። አመሰግናለሁ እህቴ፤ ነገ ጠዋት ደውዬ አመጣታለሁ። እንዴት እንደማሳምናት ግን እግዚአብሔር ያውቃል። «ለአንድ ጥፍር ብዬ ዶሮዎቼን ለማን ልተው» ነው የምትለው።


ጥፍር_ሠሪዋ
ሚያዝያ 15፣ ከጠዋቱ 1፡20

እኔ የውበት ሳሎን ውስጥ ጥፍር ስሠራ ዘጠነኛ ዓመቴ ነው። በቀን ምናልባት የአሥር ሰው እግር በእጄ ያልፋል፤ ሰው የገዛ እግሩን በዓመት ከሚያየው በላይ እኔ በሳምንት አየዋለሁ።

አንዲት ደንበኛ ነበረችኝ፤ ሁልጊዜ ጥቁር ቀይ ቀለም ነበር የምትመርጠው። የድሮውን ቀለም ሳነሣላት የግራ አውራ ጣቷ ላይ መስመር አየሁ። «ሸፍኝልኝ፣ ያስጠላል» አለችኝ። ሸፈንኩላት። በየሦስት ሳምንቱ ስትመጣ ስትመጣ ስድስት ጊዜ ሸፍኜላታለሁ። በስድስተኛው መስመሩ ሰፍቶ ነበር፤ ለእሷ ግን ምንም አላልኩም። ደንበኛ ማስደንገጥ ሥራዬ አይመስለኝም ነበር። ከዚያ ቀረች፤ ሌላ ሰፈር ገብታ ይሁን ታማ አላውቅም። የነርሷን ጽሑፍ ሳነብ መጀመሪያ የመጣችብኝ እሷ ነች።

ጥያቄ አለኝ፤ እኔ ሐኪም አይደለሁም። እንዲህ ያለ ነገር ሳይ ምን ብዬ ልናገር? «ካንሰር ሊሆን ይችላል» ብል ሳሎኑን ጥለው ይሮጣሉ።


የቆዳ_ክፍል_ነርስ
ሚያዝያ 15፣ ከቀኑ 7፡05

ካንሰር የሚለውን ቃል አንቺ አታንሺው። «ይህ መስመር ባለፈው ከነበረው የሰፋ መሰለኝ፤ ዛሬ ቀለም ሳልቀባው ለቆዳ ሐኪም አሳዪው» በያት፤ በቂ ነው። ከቻልሽ ደግሞ በራሷ ስልክ ፎቶ አንሺላት፤ አጠገቡ የአንድ ብር ሳንቲም ወይም ማስመሪያ አድርጊበት። ዶክተሮች ከምንም በላይ የሚወዱት ቀን ያለው ፎቶ ነው። «እያደገ ነው» የሚል ታካሚና «ይኸው በኅዳር፣ ይኸው በመጋቢት» የሚል ታካሚ አንድ አይደሉም።


ሰላም_ከሜልበርን
ሚያዝያ 15፣ ከምሽቱ 1፡30

እኔ ያለሁት በተቃራኒው አገር ነው። አውስትራሊያ ውስጥ 70 ዓመት እስኪሞላቸው ከሦስት ሰው ሁለቱ አንድ ዓይነት የቆዳ ካንሰር እንደሚገኝባቸው ይነገራል። ስለዚህ አገሩ በሙሉ ስለ ፀሐይ ሲያወራ ይውላል። የአየር ትንበያው ላይ ከሙቀቱ ጎን የጨረሩ መጠን ይነገራል፤ ቁጥሩ 3 ሲደርስ ባርኔጣ፣ ቅባት፣ ጥላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 አንድ የባሕር ወፍ እየጨፈረ ሸሚዝ ልበሱ፣ ቅባት ተቀቡ፣ ባርኔጣ ድፉ የሚል ማስታወቂያ በቴሌቪዥን አውጥተው ነበር፤ ያኔ ልጅ የነበሩት ዛሬ አያት ሆነው ዜማውን አይረሱትም።

የልጄ ትምህርት ቤት ሕጉ «ባርኔጣ የሌለው አይጫወትም» ነው። የመጀመሪያ ቀን ልጄ ያለ ባርኔጣ ሄዶ የዕረፍት ሰዓቱን ሙሉ ዳስ ሥር ተቀምጦ ዋለ። ቤት መጥቶ አለቀሰ። እኔም ተናድጄ «ልጄ ጥቁር ነው፣ ምን አገባችሁ» ልል ሄድኩ፤ መምህሯ ፈገግ ብላ ትርፍ ባርኔጣ ሰጠችኝ።

ከዚያ ሰፈር ያለውን ሐኪማችንን «እውነት ልጄ ያስፈልገዋል?» ብዬ ጠየቅሁት። ዓይንም ፀሐይ ይጎዳዋል፣ ማድያትም ይመጣል፣ ባርኔጣው አይጎዳም አለኝ። ቀጥሎ ግን ያልጠበቅሁትን አደረገ፤ «አንቺ ጫማሽን አውልቂ» አለኝና የውስጥ እግሬን፣ በጣቶቼም መካከል እያንዳንዱን አየ። አሥራ ሁለት ዓመት እዚህ ስኖር ስለ ቆዳ ካንሰር ከሰማሁት ሁሉ እኔን የሚመለከተው ያቺ ደቂቃ ብቻ ነበረች።


ሐቅ_ፈላጊ
ሚያዝያ 15፣ ከምሽቱ 2፡15

እሺ፣ የጥፍሩን ተቀብያለሁ። ግን አውስትራሊያ በረሃ ነው። የእኛ ደጋ ምን ፀሐይ አለው? አዲስ አበባ በኅዳር ጋቢ ለብሰን ነው የምንቀመጠው።


ጥላ_ወዳዱ
ሚያዝያ 15፣ ከምሽቱ 3፡40

ሐቅ ፈላጊ፣ ይህን እኔ ልመልስልህ። ከአልቢኒዝም ጋር ነው የተወለድኩት። ቆዳዬ ቀለም የለውም፤ የአንተ ቆዳ በተፈጥሮ የሚሠራውን ሥራ እኔ በልብስ ነው የምሠራው።

ብርዱ ነው የሚያታልለው። የሚያቃጥለን የፀሐይ ሙቀት ሳይሆን ጨረሯ ነው፤ ጨረሩ ደግሞ በየ1000 ሜትሩ ከፍታ አሥር በመቶ ያህል ይጨምራል። አዲስ አበባ ከ2300 ሜትር በላይ ላይ ናት፤ ከምድር ወገብም አትርቅም። በኅዳር ጋቢ ለብሰህ ስትቀመጥ ፊትህ ለምን ቆጠቆጠህ?

ልጅ ሆኜ ጠዋት ባንዲራ ሲሰቀል ፀሐይ ፊት ለፊት ቆመን ነበር። ማታ ፊቴ እንደ በርበሬ ይቀላል፣ ከዚያ ይላጣል። ጎረቤት «ምች ነው» ብሎ ዳማ ከሴ ያሸኝ ነበር። በኋላ እናቴ ከአሮጌ ጋቢ ጥለቱ የተፈታ ቁራጭ ወስዳ አንገቴን የሚሸፍን ባርኔጣ ሰፋችልኝ፤ ልጆቹ «አባ ንብ» አሉኝ። ንብ አናቢ ማለታቸው ነው። ጥሩ ባርኔጣ ነበር።

እስከ ዛሬ አውቶቡስ ስሳፈር መጀመሪያ የማስበው ፀሐይ በየት በኩል ናት የሚለውን ነው። ጠዋት ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ ስሄድ በግራ በኩል መስኮት እቀመጣለሁ። መንገዱ ሲጠመዘዝ ነጠላዬን እጎትታለሁ። መስታወት ደግሞ ሁሉንም ጨረር አያስቀርም።

24 ዓመቴ ላይ የቀኝ ጆሮዬ ጫፍ ላይ የምስር ፍሬ የምታህል ሻካራ ቅርፊት ወጣች። ትነቀላለች፣ ትደማለች፣ ተመልሳ ትጋግራለች። አራት ወር ጠበቅሁ። ናሙና ሲወሰድ ስኳመስ ሴል የሚባለው የቆዳ ካንሰር ሆነ። ከጆሮዬ ትንሽ ቆርጠው አወጡት፤ ሌላ የትም አልደረሰም። ከእኔ በላይ የጠበቁ ሁለት ጓደኞች ነበሩኝ፤ ስለ እነሱ አልጽፍም።

ስለዚህ «የፀሐይ ቅባት የቅንጦት ዕቃ ነው» የምትሉ፣ ለእኔ መድኃኒት ነው። ኤስ ፒ ኤፍ 30 (የመከላከል አቅሙ መለኪያ ነው) የሚል የተጻፈበት በትክክል ከተቀቡት ከሚያቃጥለው ጨረር 97 በመቶ ያህሉን ያስቀራል፤ በየሁለት ሰዓቱ መድገም ያስፈልጋል። ፋርማሲ ሄጄ ዋጋውን ስሰማ አንዳንዴ ዝም ብዬ እወጣለሁ። ባርኔጣ፣ ረጅም እጅጌና ጥላ ግን ዋጋቸው አልጨመረም።


ሐቅ_ፈላጊ
ሚያዝያ 15፣ ከምሽቱ 4፡00

ይቅርታ ወንድሜ። «ነጮች» ስል አንተን አላሰብኩም ነበር።


የአክስቴ_ነገር
ሚያዝያ 17፣ ከቀኑ 9፡30

እኔም የምለው አለኝ፤ ጥፍርም ፀሐይም የሌለበት። አክስቴ የሚጥል በሽታ ነበረባት። በ16 ዓመቷ ምድጃ አጠገብ ሳለች ጥሏት ግራ እግሯ ተቃጠለ። ዳነ፤ ጠባሳው ግን ከጉልበቷ በታች የተጨማደደ ሆኖ ቀረ። ከ25 ዓመት በኋላ ጠባሳው መሐል ላይ ቁስል ተከፈተ። በጨው ውኃ ታጥበዋለች፣ ማር ትቀባዋለች። ሲደርቅ ሲከፈት ሁለት ዓመት ሄደ። ጠርዙ እንደ አበባ ጎመን ወደ ላይ ገነፈለ፤ መሽተት ጀመረ፤ ከሰው ጋር መቀመጥ ተወች። ሆስፒታል ስትደርስ ካንሰር ነው ተባለ፤ እግሯን ከጉልበቷ በታች አጣች።

ያልገባኝ ነገር፣ የዳነ ቃጠሎ እንዴት ካንሰር ይሆናል?


የቆዳ_ክፍል_ነርስ
ሚያዝያ 17፣ ከምሽቱ 2፡20

እንዲህ ያለው እኛ አገር በደንብ የምናውቀው ነው። ማርዦሊን የሚባል የፈረንሳይ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1828 ስለ እንዲህ ዓይነት ቁስል ጽፎ ስለነበር በስሙ ይጠራል። የቆየ የቃጠሎ ጠባሳ፣ ለዓመታት ያልደረቀ የእግር ቁስል፣ መግል የሚያወጣ የአጥንት ቁስል፤ ሁሉም ዘንድ ቆዳው ለመዳን ዘወትር ይታገላል፣ ሕዋሳቱ ሳያቋርጡ ይባዛሉ፣ ከብዙ ዓመት በኋላም አንዱ ይስታል። ብዙ ጊዜ የሚፈጅበት ሃያ፣ ሠላሳ ዓመት ነው። ለዚህ ነው ማንም ከልጅነት ቃጠሎ ጋር የማያያይዘው።

የድሮ ጠባሳ ላይ አዲስ ቁስል ተከፍቶ አንድ ወር ካለፈው፣ ጠርዙ ከጠጠረ ወይም ሽታው ከተለወጠ፣ ጨውና ማር ማብቃት አለባቸው። ናሙና ይወሰድ። መተኮስ ደግሞ በጭራሽ፤ ቁስል ላይ ሌላ ቃጠሎ መጨመር ነው።

አክስትሽ አሁን እንዴት ናቸው?


የአክስቴ_ነገር
ሚያዝያ 17፣ ከምሽቱ 2፡45

አለች። ሰው ሠራሽ እግር አላት፤ ገበያ ትወጣለች። ከጎረቤቶቿ ጋር ዳግመኛ ቡና መጠጣት ጀምራለች፤ ለእሷ ከእግሩ ይልቅ ትልቁ እሱ ነበር።


ብርቱካን_የደሴዋ
ሚያዝያ 18፣ ከጠዋቱ 4፡00

ጉንጬ ላይ ማርያም የሳመችኝ አለ። ይህን ሁሉ አንብቤ መስታወት ፊት ግማሽ ሰዓት ቆምኩ። ማስወገድ አለብኝ?


የቆዳ_ክፍል_ነርስ
ሚያዝያ 18፣ ከጠዋቱ 4፡35

አይ እህቴ፣ ማርያም ከሳመችሽ ጀምሮ ያልተለወጠ ከሆነ ተይው፤ አምሮብሻል። ግማሹ ከግማሹ ካልተመሳሰለ፣ ጠርዙ ከተሸራረፈ፣ ሁለት ሦስት ቀለም ካወጣ፣ ከ6 ሚሊ ሜትር፣ ማለትም ከእርሳስ ላጲስ ከሰፋ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ከተለወጠ ነው ነገሩ። በክር አሥሮ መቁረጥ ወይም አሲድ ማስቀባት የሚባለውን ግን እንዳትሞክሪ። ክፉ ቢሆን እንኳ የሚመረመር ነገር አይተርፍም።


ዲያቆን_ነኝ
ሚያዝያ 18፣ ከቀኑ 11፡10

የጣና ልጅ፣ እናትህ ጠበል ልሂድ ካሉ አትከልክላቸው፤ አብረህ ሂድ። ከጠበሉ ስትመለሱ ግን በቀጥታ ሐኪም ቤት። ሁለቱ የሚጣሉት በእኛ አፍ ነው። ደግሞ ስለ ቦብ ማርሊ፦ ካንሰሩን ኳሱ አላመጣበትም። እ.ኤ.አ. በ1977 ኳስ ሲጫወት የቆሰለው አውራ ጣቱ ሲመረመር ነው ጥፍሩ ሥር ሜላኖማ የተገኘው። ጣቱ እንዲቆረጥ አልፈቀደም፤ ሐኪሞች ከዚያ ያነሰ ቀዶ ሕክምና አደረጉለት። እ.ኤ.አ. በግንቦት 1981 ሲያርፍ ገና 36 ዓመቱ ነበር። እኛ በመስቀል አደባባይ 60ኛ ልደቱን ስናከብር ስለ ጣቱ የተናገረ ሰው ትዝ አይለኝም።


የጣና_ልጅ
ሰኔ 3፣ ከምሽቱ 1፡50

ዘግይቼ ስለመጣሁ ይቅርታ። ብዙዎቻችሁ በውስጥ መስመር ጠይቃችሁኝ ነበር።

እናቴ መጣች። ዶሮዎቹ ለጎረቤት ተሰጡ። የቆዳ ሐኪሙ በትንሽ አጉሊ መነጽር ጥፍሯን ለረጅም ጊዜ አየ፤ ምንም አልተናገረም፤ የሌላውን እግር ጫማም አስወለቃት። ከዚያ ጣቷን አደንዝዘው ከጥፍሩ ሥር ናሙና ወሰዱ። «መርፌው ነው እንጂ መቁረጡስ ምንም አላለኝ» አለች። ናሙናውን ፎርማሊን ባለባት ትንሽ ብልቃጥ ሰጡኝ፤ ወደ ላቦራቶሪው የማደርሰው እኔ ነኝ። ታክሲ ውስጥ ጭኔ ላይ አድርጌ በሁለት እጄ ይዣት ሄድኩ። ሾፌሩ «ሽቶ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ።

ውጤቱ ሦስት ሳምንት ወሰደ። ሜላኖማ ነው። ጥልቀቱ ግን ከ1 ሚሊ ሜትር በታች ነው፤ ሐኪሙ ቁጥሩን ሁለት ጊዜ አነበበልኝና «በሚቀጥለው ፋሲካ ብታመጣት ኖሮ ሌላ ወሬ ነበር የምናወራው» አለ። የአውራ ጣቷ ጫፍ ከመጀመሪያው መገጣጠሚያ ተቆርጧል። ወደ ሌላ ቦታ መዛመቱን የሚያሳይ ነገር እስካሁን አልተገኘም። በየሦስት ወሩ ትታያለች።

ጣቱን መቁረጥ ሲባል እንቢ ትላለች ብዬ ፈርቼ ነበር። «ጣት ነው? እኔ ራስ መስሎኝ» ብላ ፈረመች።


ሐቅ_ፈላጊ
ሰኔ 3፣ ከምሽቱ 2፡30

እግዚአብሔር ይመስገን! እንኳን ምሕረቱን አወረደላቸው።

ባለፈው ከተጻጻፍን ወዲህ የውስጥ እግሬን ለማየት የባለቤቴን መስታወት መሬት ላይ አስቀምጬ ስጣመም አገኘችኝ። «ምን ጠፍቶብህ ነው?» አለችኝ። ነገርኳት። አሁን የራሷንም፣ የእናቷንም አይታለች። ምንም የለም፤ ከእኔ የተሰነጠቀ ተረከዝ በቀር።


ጥፍር_ሠሪዋ
ሰኔ 4፣ ከጠዋቱ 2፡05

እንኳን ደስ አለህ ወንድሜ። እናትህ ሲሻላቸው የቀሩትን ዘጠኙን በነጻ እሠራላቸዋለሁ፤ ቀለም ሳልቀባ መጀመሪያ አይቼ።


የጣና_ልጅ
ሰኔ 4፣ ከጠዋቱ 2፡40

ነገርኳት፤ ሳቀች። ለታናሽ እህቴ ሠርግ እንሶስላ መሞቅ ትችል እንደሆነ ሐኪሙን ጠይቅልኝ ብላኛለች። ሠርጉ በጥር ነው። ጠየቅሁት፤ «ይቻላል፣ ግን ከዚያ በፊት እኔ ልያት» አለ።